በአትክልቱ በር ላይ የነበሩ ሁለት ዛፎች

አንድ ባለጸጋ ነበረ። ቆይ እንጂ ልጄ አንለይ፣ ፊትህን አታጥቁርብኝ! የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። «የኔታ፣ አባቴ አገር ቤት ከሞተ ሁለት ወር ሆነው። እናቴ እኔ ጋ ናት፤ እንዳትደነግጥብን ብለን እስካሁን መርዶውን አልነገርናትም። ምንም አታውቅም፤ ግን እህል አልቀምስ ብላ እየከሳች ነው። ላርዳት ወይስ ዝም ልበል?» ነው ያልኸኝ። እሱኑ ልመልስልህ ነውና ስማኝ።

ይህ ባለጸጋ ልጅ አልነበረውም። ፍቅሩ ሁሉ ዛፍ ላይ ነበር፣ ያውም የሩቅ አገር ዛፍ። ነጋዴ ባሕር ተሻግሮ በሄደ ቁጥር «ከዚያ የሚበቅል ነገር አምጣልኝ» ይለዋል። ችግኙ ሥሩ በርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ በመርከብ፣ ከዚያም በግመል ይመጣል። መንገድ ላይ የሚደርቀው ይበዛል። የተረፈውን ራሱ ቆፍሮ ይተክላል፤ ፀሐይ ሲበረታ ዳስ ይጥልለታል። እንዲህ እያለ በቤቱ ዙሪያ የነበረው ድንጋያማ ሜዳ ጫካ ሆነ። ስሙን ማንም የማያውቀው አበባ፣ ቅጠሉ ከጋሻ የሚሰፋ ተክል፣ ምኑ ተነግሮ ያልቃል! በበዓል ቀን አገሬው ነጭ ለብሶ ይመጣል፤ ሙሽሮች ሳይቀሩ ሠርጋቸው ሲያልፍ እዚያ ዞር ዞር ይላሉ። የገባ ሰው መውጣት አያሰኘውም ነበር።

በበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ዛፎች ነበሩ፤ አንድ ነጋዴ አብሮ ያመጣቸው። የቀኟ በየዓመቱ ፍሬዋ ይቀላል፣ ሽታው መንገደኛ ያቆማል። የግራው ያብባል፣ አበባው ይረግፋል፣ በቃ። እንግዶቹ ታዲያ ያሾፋሉ። «ጌታው፣ ይኼኛው መጠጣት እንጂ ማብላት አያውቅም እንዴ?» ይሉታል። ባለጸጋው መጀመሪያ አብሮ ይስቅ ነበር። ኋላ ግን ነገሩ ከነከነውና መጥረቢያ አስመጥቶ የግራውን አስቆረጠው። ያን ጊዜ የቀኟ ፍሬ ደርሶ ስለነበር ለቅመው በሉ። «አያችሁ፣ ምንም አልሆነችም። እንዲያውም ቦታ ሰፋላት» አለ።

በዓመቱ ዛፏ አበበች። አበባው ረገፈ፤ ፍሬ የለም። ፍግ ጨመረላት፣ ውኃ አጠጣት፣ ሥሯን ኮተኮተላት። በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ ሆነች። ኋላ ኋላ ቅጠሏም ሳሳ።

አንድ ቀን ያ ነጋዴ ሸምግሎ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ጉቶውን አየና፣

«ባሏስ?» አለ።

«የማን ባል?»

«የዛፏ ነዋ! አንዱ ወንዴ፣ አንዷ ሴቴ እኮ ናቸው። ከሷ ይለቀም እንጂ ፍሬው የሁለቱ ነበር!»

ባለጸጋው እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «የፈለግኸውን ልስጥህ፣ ሌላ አምጣልኝ» ብሎ ለመነው። ነጋዴው ግን «አርጅቻለሁ፤ ያንን ባሕር ዳግም አልሻገርም» አለው። ባለጸጋው ጉቶው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ በበዓል ቀን እንኳ በሩን አልከፈተም።

እንግዲህ ልጄ፣ ልቆጣህ ነው። እናትህን «ልጆቼን ታሳድግልኝ» ብለህ ወደ ከተማ ስታመጣት፣ አባትህን «እሱ ምን ይሠራልኛል» ብለህ ትተኸው መጣህ። መጥረቢያው ያረፈው ያን ቀን ነው። አንለይ ብሎ ስም ያወጣልህ እሱ ነበር፤ አንተ ለየሃቸው።

ደግሞ «ምንም አታውቅም» ትለኛለህ። ዛፏንስ ማን አረዳት? ማንም አልነገራትም፣ አበባዋ ግን ያለ ፍሬ ረገፈ። እናትህም ያወቀችው ይመስለኛል፤ አንተ እንዳትከፋ ብላ እንባዋን ውጣው ይሆናል። ምስኪን! ዛሬውኑ ሂድ፤ ዘመድ ጥራና አርዳት። ባሏን ነስተሃታል፤ ለቅሶውን እንኳ አትንሳት።