ውሃ ላይ ማደር ያማራት ታንኳ

ልጆች፣ ተረት ልጭንባችሁ ነውና ጀርባችሁን አመቻቹ። «ይጫን!» በሉኝ።

ድሮ ድሮ፣ ከአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር አንዲት የደንገል ታንኳ ነበረች። ደንገል ውሃ ዳር የሚበቅል ረጅም ሣር ነው፤ እሱን ጠፍረው ጠፍረው ነው ታንኳ የሚሠሩት። እህሉን ከገበያ እስከ ሐይቁ አህያ በጀርባው ያመጣዋል። ከሐይቁ እስከ ደሴቱ ደግሞ ታንኳ ታሻግረዋለች። የሁለቱም ጌታ አያ ስመኘው ይቀዝፋል። በሰላም ይኖሩ ነበር።

አንድ ቀን ባለሞተር የብረት ጀልባ መጣ። ዱክ ዱክ ዱክ እያለ ሰውንም፣ ፍየሉንም፣ ጆንያውንም ባንዴ ያሻግራል። ታንኳ ይህንን እንኳ ቻለችው። ያልቻለችው የማታ የማታውን ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ስመኘው እሷን ጎትቶ ያወጣና ዛፍ አስደግፎ ያቆማታል። ጀልባው ግን ውሃው ላይ ተንፈላሶ ይቀራል።

«ምን በደልኩ? እሱ ሐይቁን ታቅፎ ሲያድር እኔ ዛፍ ሥር ልገተር?» አለች። ቅናት አንጀቷን አሳረረው።

አህያን ለመነችው። «አያ አህያ፣ በሞቴ፣ ወደ ውሃው ግፋኝ።»

«አልገፋም» አለ አህያ። «እኔን ማታ ማታ ጭነቴን ያራግፉልኛል። አንቺን ደግሞ የጠጣሽውን ውሃ ያራግፉልሻል። ምኑ ከፋሽ?»

«ቀንተህብኝ ነው!» አለችው። አያችሁ? የቀናችው እሷ፣ ቀናተኛው እሱ!

ሞገድን ለመነችው። «ሞገዴ፣ ና ውሰደኝ።»

«እጄ እዚያ ድረስ አይደርስም» አለ ሞገድ።

ነፋስን ለመነችው። ነፋስ መቼ አስቦ ያውቃል? እፍ! ሲላት ዘፍ ብላ ውሃ ውስጥ ገባች። ሄዳ ጀልባው አጠገብ ተጎለተች። «እህ! አሁንስ ከማን አንሼ?» ብላ ተኮፈሰች።

ሊነጋጋ ሲል ግን ሰውነቷ ከበዳት። ደንገሏ ለካ ውሃ ሲጠጣ ነው ያደረው! ወገቧ ሰመጠ፣ ደረቷ ሰመጠ፣ አፍንጫዋ ብቻ ቀረ።

«ኧረ ጌታው ጀልባ፣ ማለቄ ነው! አንተ እንዴት ብትችለው ነው እንዲህ ተመችቶህ የምታድረው?»

«ተመቸኝ ማን አለሽ?» አለ ጀልባው። «ሆዴን ዝገት እየበላው ነው። ከባድ ስለሆንኩ ጎትቶ የሚያወጣኝ የለም። አንቺን አውጥተው ደረቅ ላይ ሲያቆሙሽ ባየሁ ቁጥር በቅናት ስቃጠል ነው የማድረው።»



አያ ስመኘው ሲደርስ «ወይኔ ታንኳዬ!» ብሎ ጮኸ። ገመድ አስሮ አህያውን አስጎተተው። አህያ እያቃሰተ አወጣት። «አልነገርኩሽም?» አላላትም፤ ደክሞት ነበር። እሷ ፀሐይ ላይ ተሰጥታ ስትደርቅ እህሉን ጀልባው አሻገረው። ሲሄድ አየችው፣ ግን አልቀናችም።

ደርቃ ወደ ሥራዋ ከተመለሰች ወዲህ፣ ጧት ጧት ውሃው ላይ ስትወርድ «እንዴት አደርክ፣ ጌታው?» ትለዋለች። አንድ ቀን አድራ ስላየችው፣ ከልቧ ነው የምትጠይቀው።

ልጆች፣ በሰው ማደሪያ ከመቅናታችሁ በፊት እንዴት እንዳደረ ጠይቁት። እኔ ጭነቴን አራገፍኩ፤ ተራው የእናንተ ነው፣ ተሸከሙት።