«ደከመህ ወይ?» ያለው አለቃ

አንድ የገና ጨዋታ አለቃ ነበረ። ቆይ ስንሻው፣ ሳስተምርህ እንደለመድከው ዛሬም አታቋርጠኝ! «ተከላካዬን ደባልቄን ሰማንያኛው ደቂቃ ላይ ሲያነክስ አይቼ ‹ትችላለህ?› ብዬ ጠየቅሁት፤ ‹እችላለሁ› አለኝ፤ ከዚያ በእሱ በኩል ሁለት ጎል ገባብን። ጥፋቱ የማን ነው፣ የእሱ ወይስ የእኔ የአሠልጣኙ?» ብለህ ጠይቀኸኝ የለ? መልሴ ይኸውልህ፤ ቁጭ ብለህ ስማ።

ይህ አለቃ የላይ ሰፈር ተጫዋቾችን የሚያሰልፍ ሰው ነበር። በየዓመቱ ለገና ከታች ሰፈር ጋር ሜዳ ወርደው ሩር ይመታሉ። ሩር ከእንጨት የተጠረበ ድብልብል ኳስ ነው፤ በቆልማማ ዱላ እየመቱ የሌላውን ሰፈር መስመር ያሳልፉታል። ፀሐይ ስትጠልቅ ጨዋታው ያበቃል። የላይ ሰፈር አራት ዓመት በተከታታይ ተሸንፎ ነበር። የተሸነፈ ሰፈር ደግሞ በገበያው፣ በወንዙ፣ በሠርጉ ላይ እየተዘፈነበት ይከርማል። አለቃውም «ዘንድሮ ካልቀናን ሌላ ሰው ፈልጉ» ብሏቸው ነበር።

በዚያ ቀን የላይ ሰፈር አንድ ለባዶ እየመራ ነበር። እዚያ ያደረሳቸው መስመሩ ላይ ቆሞ ሩር የሚመልስ አንድ ገበሬ ነው። ምን ዓይነት ሰው መሰለህ! ከጠዋት ጀምሮ አንዲትም አላሳለፈም። አለቃው ግን አርቆ አሳቢ ነበረና አንድ ሸማኔ ከዛፍ ሥር አስቀምጦ ነበር። ሸማኔው ቀኑን ሙሉ መሮጥ አይሆንለትም፤ እጁ ግን ፈጣን ነው። ለመጨረሻዋ ሰዓት ይበቃል።

ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ስትደርስ አለቃው ነገሩን አየ። ገበሬው ቀኝ እግሩን ይጎትታል። ሩሩ ራቅ ሲልለት ዱላውን በሁለት እጁ ይመረኮዛል። በእነሱ ደንብ አለቃ ሜዳ ሲገባ ጨዋታ ይቆማል፤ «ውጣ» ያለውም ሰው ይወጣል፣ ክርክር የለም። አለቃው ገባ። ልብ በል፣ ሊያወጣው ነው የገባው። ሸማኔውም ጋቢውን ጥሎ ተነሣ።

አጠገቡ ሲደርስ ግን አንጀቱ አልችል አለ። ሰፈሩን ተሸክሞ የዋለን ሰው፣ ሚስቱና አማቾቹ እያዩት፣ እንዴት ብሎ «በቃህ» ይበለው? ስለዚህ ድምፁን አለስልሶ፣

«ደከመህ ወይ ወንድሜ?» አለው።

«እኔ? ምን ሲደረግ!» አለ ገበሬው፤ ዱላውንም ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ። ሜዳው በእልልታ ቀለጠ። አለቃው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ተመለሰ፤ ሸማኔውም ተመልሶ ተቀመጠ።

ከዚያማ ምን ልንገርህ። የመጀመሪያዋ ሩር በእግሮቹ መካከል ሾልካ አለፈች። ሁለተኛዋን አያት፤ ክንዱ ግን አልታዘዝ አለው። ፀሐይ ጠለቀች። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ የዚያን ቀን ግን ያልተቆጣ ሰው አልነበረም። ገሚሱ ገበሬውን «ዋሾ» አለው፣ ገሚሱ አለቃውን «ፈሪ» አለው።

በማግሥቱ ገበሬው አለቃው ቤት መጣ። አለቃው «ይቅርታ ሊለኝ ነው» ብሎ ጠበቀ። ገበሬው ግን እንዲህ አለ፦

«ጋሼ፣ ምነው ባልጠየቅኸኝ! ክንዴ ከዛለ ቆይቶ ነበር። ወደ እኔ ስትመጣ ሳይ ‹ተመስገን፣ ሊያሳርፈኝ ነው› ብዬ ነበር። በሰው ፊት ስትጠይቀኝ ምን ልበል? ‹ውጣ› ብትለኝ ኖሮ እቆጣህ ነበር፣ ምናልባትም እሰድብህ ነበር። ቤቴ ገብቼ ጋደም ስል ግን እመርቅህ ነበር። ሩሩን ስመልስ የዋልኩት እኔ፤ ፍርዱንም እኔው ላይ ጣልከው።»



አየህ ስንሻው፣ ያ አለቃ አንተ ነህ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አንተም አይደለህም። ራርተህ ነው የጠየቅኸው፤ እኔም በቦታህ ብሆን ሳልጠይቅ አልቀርም። ግን የአገርህን ሰው አታውቀውም እንዴ? ሳይበላ «ጠግቤያለሁ» የሚል፣ አልጋ ላይ ተኝቶ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ሰው፣ ሕዝብ በሞላበት ሜዳ «ደከመኝ» ይልሃል? ደባልቄ አልዋሸህም። አንድ መልስ ብቻ ያለው ጥያቄ ነው የጠየቅኸው። እግሩን አይተህ ነበር፤ ዓይንህን ማመን ከበደህና ውሳኔውን ለደከመው ሰው አሸከምከው። አለቃ የሚያስፈልገው ለዚያች ሰዓት ነው እንጂ፣ ሁሉም ብርቱ ሆኖ ሲሮጥማ ማን አለቃ ይፈልጋል!

ደባልቄ ከዚያ ቀን ወዲህ ልምምድ መምጣት ትቷል አልከኝ። ሰውዬው በራሱ አፍሮ ቤቱ ተቀምጧል፣ አንተ እዚህ እኔ ዘንድ ጥፋት ታከፋፍላለህ። ተነስ፣ ሂድ! እናቱም ወንድሞቹም ባሉበት «ደባልቄ የቻለውን ሁሉ አድርጓል፤ ማውጣት የነበረብኝ እኔ ነኝ» በላቸው። ደግሞ በር ላይ ቆመህ «አሁኑኑ ልሂድ ወይ?» ብለህ እኔን እንዳትጠይቀኝ።