ባርኔጣ የሚሰቀልበት ቡድሃ

ፊታውራሪ አንዳርጌ ከባሕር ማዶ ሲመለሱ አንድ የቡድሃ ሐውልት ይዘው መጡና እልፍኛቸው ጥግ አስቀመጡት። ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ብሎ ስለሚቀመጥ፣ እንግዳው ሁሉ ባርኔጣውን በሐውልቱ ራስ ላይ ይሰቅል ጀመር።

አንድ ቀን አንዲት ምላሰኛ በርበሬ ሻጭ የፊታውራሪ አሽከሮች ለቀረጥ ብለው የነዱባትን አህያ ልትለምን ገባች። ከማዶው ቤተ ክርስቲያን ደጅ በጾም ጉዳይ የተጣሉ ሰዎች ጩኸት እስከ እልፍኙ ይሰማል።

ፊታውራሪ ፈገግ አሉ። «በክርስትና ነገር ጠዋት ማታ ክርክር ነው። በዚህ በቡድሃ ግን ሰው ሲጣላ ሰምቼ አላውቅም። ለምን ይመስልሻል? ከመለስሽ አህያሽን ውሰጂ፤ ካቃተሽ የእኔ ናት።»

የነፍስ አባታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ጆሯቸውን አቁመዋል። ሴትዮዋ ቡድሃን ብታመሰግን ውግዘት አለ፤ ክርስትናን ብትነቅፍም ያው ነው።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ሳይሾሙብን በፊት በገበያችን ስምዎን የሚያነሣ አልነበረም። ከተሾሙ ወዲህ ግን እርስዎን ሳያማ በርበሬ የሚገዛኝ የለም። ሰው የሚከራከረው ቤቱ ድረስ ገብቶ ይህን ብላ፣ ያን አትብላ በሚለው ነው። ቡድሃ እኛን ምን አዞን ያውቃል?»

የነፍስ አባትየው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ አፈኑ። ፊታውራሪ ፊታቸው ጠቆረ።

«ታዲያ ሐሜቱ እንዲቀርልኝ ምን ላድርግ?»

«እሱማ ቀላል ነው ጌታዬ። አህያዬን ይመልሱልኝና ዓይንዎን ጨፍነው እዚያ ጥግ ይቀመጡ። ሐሜቱ ይቀርልዎታል፤ ባርኔጣውን ግን መቻል ነው።»