ሁለት መቶ ጫጩትና አሥር ቀይ ጥፍር

ጣታችሁን ዘርጉ፤ እኔ ስቆጥር ትከተሉኛላችሁ።

አንዲት አሮጌ መኪና ከቢሾፍቱ ወደ መቂ ትጓዝ ነበር። ከኋላዋ የወይዘሮ አስካለች ሁለት መቶ የአንድ ቀን ጫጩቶች በአራት ካርቶን ተደርድረዋል። ጫጩቶቹ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ሳይርሱ መድረስ። የአንድ ቀን ጫጩት ከራሰ አይተርፍም፤ በላስቲክ ቢሸፍኑት ይታፈናል።

ሞጆን እንዳለፉ ሰማዩ ጠቆረ። በካርቶኖቹ በኩል ያለው የመስኮት ጎማም ተላቆ ተንጠለጠለ። ሾፌሩ ደቻሳ ዳር ይዞ ቆመ።

«አጣብቄዋለሁ አላልከኝም?» አሉ ወይዘሮ አስካለች።

«በሱፐር ግሉ ነው እናቴ፤ ቶሎ ይይዛል ብዬ።»

«ቶሎ ያዘ፣ ቶሎ ለቀቀ!»

ሱፐር ግሉ ድንጋይ ሆኖ፣ በሩ በተዘጋ ቁጥር ተሰነጣጥቆ ነበር። ደቻሳ ሲሊኮን ማጣበቂያ አወጣ። ሲሊኮኑ «እስከ ነገ አትንኩኝ» አለ። የጫማ ማስቲሽ አወጣ። ማስቲሹ «እኔ እለጠጣለሁ፤ ግን በዚህ በደረቀ የሱፐር ግሉ ቅርፊት ላይ አልይዝም» አለ።

ማስቲሹ ጎማውን አልይዝም አለ፤ ጎማው ዝናቡን አልመልስም አለ፤ ዝናቡ ጫጩቶቹን አልተውም አለ።

ደቻሳ ቅርፊቱን በቢላ ፋቀው። ቅርፊቱ «አሴቶን ካልመጣ አልነሳም» አለ።

ቅርፊቱ ለማስቲሹ አልነሳም አለ፤ ማስቲሹ ጎማውን አልይዝም አለ፤ ጎማው ዝናቡን አልመልስም አለ፤ ዝናቡ ጫጩቶቹን አልተውም አለ።

የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቀው አሴቶን ያላት ከፊት የተቀመጠችው ተሳፋሪ ትርሲት ብቻ ናት። ጣቶቿን ዘረጋች፤ አሥሩም ቀይ።

«ትናንት ሠርግ ነበርኩ፤ ዛሬ የአክስቴ መርዶ መጣ። ያለችኝ ለጥፍሬ የምትበቃ ናት። በዚህ ጥፍር ለቅሶ ቤት ልግባ? አልሰጥም!»

ትርሲት አሴቶኑን አልሰጥም አለች፤ ቅርፊቱ ለማስቲሹ አልነሳም አለ፤ ማስቲሹ ጎማውን አልይዝም አለ፤ ጎማው ዝናቡን አልመልስም አለ፤ ዝናቡ ጫጩቶቹን አልተውም አለ።

አንድ ጠብታ ኮፈኑ ላይ አረፈ። ሁለት። አምስት። ጫጩቶቹ ጮኹ።

«ልጄ፣» አሉ ወይዘሮ አስካለች፣ «ጨርቅ በአሴቶኑ አርሰሽ፣ በጣቶችሽ ጫፍ ይዘሽ ቅርፊቱን አንቺው ፈትጊው። አሴቶኑ እሱንም ያስለቅቃል፣ የጥፍርሽንም ቀለም።»

ትርሲት ጥፍሯን አየች፤ ካርቶኑን አየች፤ ዘላ ወረደች።

ትርሲት አሴቶኑን ጨርቅ ላይ አፍስሳ ፈተገች፤ ቅርፊቱ ተነሳ፤ ደቻሳ ማስቲሹን ጎማውም ላይ ብረቱም ላይ ቀባ። ወዲያው ሊጫነው ሲል ወይዘሮ አስካለች እጁን ያዙት።

«ቆይ! ጣት ላይ መጣበቅ እስኪተው!»

«ዝናቡ ደረሰ እኮ እናቴ!»

«ዛሬም ቶሎ ልትል ነው?»

ትርሲት ነጠላዋን በላዩ ዘረጋች። ወይዘሮ አስካለች እስከ ሦስት መቶ ቆጠሩ። ጠብታው ሃያ፣ አርባ፣ ከዚያ የማይቆጠር ሆነ። ሦስት መቶ ሲሉ ደቻሳ ተጫነው።

ማስቲሹ ጎማውን ያዘ፤ ጎማው ዝናቡን መለሰ፤ ዝናቡ ጫጩቶቹን ተወ።

መቂ ላይ ተቆጠሩ፤ ሁለት መቶ፣ ሁሉም ደረቅ። የትርሲት ስምንት ጥፍሮች ነጽተዋል። ጨርቁን ያልነኩት ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ብቻ ቀይ ቀሩ፤ እነሱንም አጥፋ በረጠበው ነጠላዋ ደበቀቻቸው።

ቆጠራዬ አለቀ፤ እናንተም ጣታችሁን እጠፉ።