የአለቃዋ ደብተርና የቲቸር ሉልሰገድ ቆርኪዎች

አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሳሁት። የክፍል አለቃ በነበርኩበት ዓመት ግን በረባሾች ደብተር ላይ የይርዳውን ስም የሳምንቱን በሙሉ አስቀድሜ፣ ቅዳሜ ቤቴ ቁጭ ብዬ እጽፈው ነበር። ክፍል ውስጥ የሚያወሩት ጓደኞቼ ነበሩ፤ ስም ካልቀረበ ደግሞ የምትንበረከከው አለቃዋ ናት። ይርዳው ቀልደኛ ስለሆነ ረበሸ ቢባል ማንም አይጠረጥርም።

ይርዳው ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ነው። የአባቱ አገር በእግር ሁለት ቀን ያስኬዳል።

ማክሰኞ ዕለት ቲቸር ሉልሰገድ ፌስታል ሙሉ የለስላሳ ቆርኪ ይዘው ገቡ።

«ይኼ ዩራኒየም ነው በሉ። አይሶቶፕ ማለት ስሙ አንድ፣ ክብደቱ የተለያየ ወንድማማች ነው። አንዳንዱ ወንድም ታዲያ ኒውክለሱ አልረጋ ይለዋል፤ ይፈርሳል።»

ስልሳ አራቱን ቆርኪ ጠረጴዛው ላይ በተኑት። በጀርባው የወደቀውን «ፈረሰ! ፈረሰ!» እያሉ ለቀሙ። ሠላሳ ሦስት ቀረ። የቀረውን ደግመው በተኑ፤ አሥራ ስድስት።

«አያችሁ? አንዱ ብተና አንድ ግማሽ ዕድሜ ነው በሉ፤ በየግማሽ ዕድሜው ግማሹ ይሄዳል።»

ይርዳው እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አሁን ተረኛው የትኛው ነው?»

«ግማሹ እንደሚፈርስ እነግርሃለሁ። የትኛው፣ በየትኛው ቀን ብለህ ግን አትጠይቀኝ። እሱን የሚያውቅ ሰው ገና አልተወለደም!»

ከዚያ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ደብተሩን ሰጠኋቸው።

«ይርዳው! ዛሬም አንተ? በቃ ሰለቸኸኝ። ውጣ! አባትህን ሳታመጣ እንዳትመለስ!»

ይርዳው ደብተሮቹን መሰብሰብ ጀመረ። የማጠቃለያው ፈተና ሐሙስ ነው። አሁኑኑ ቢነሳ አባቱን ይዞ የሚደርሰው ቅዳሜ ነው፤ ያውም አጨዳቸውን ጥለው ከመጡለት። አላወራሁም ብሎ ቢምልስ ማን ይሰማዋል? ጠዋት ግን ያ ደብተር ዴስኬ ላይ ተገልጦ አይቶት ነበር።

ደብተሮቹን ታቅፎ ተነሳ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ።

«እሺ ቲቸር፣ እሄዳለሁ። ግን ያ ሰው ተወልዷል።»

«የቱ ሰው?»

«የትኛው፣ በየትኛው ቀን እንደሚፈርስ የሚያውቀው። አለቃችን ናት! እኔ እስከ ዓርብ በየቀኑ እንደምፈርስ ታውቃለች፤ ገጹን ይግለጡት። እኔን ወደ አባቴ ከሚሰዱኝ፣ እሷን ወደ ሳይንቲስቶቹ ይላኩልን!»

ቲቸር ገለጡ። ረቡዕ፣ ይርዳው። ሐሙስ፣ ይርዳው። ዓርብ፣ ይርዳው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሳቸውም ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

«ና ተቀመጥ» አሉት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «አንቺ፣ ለሳይንቲስቶቹ ደብዳቤ ጽፌ እስክጨርስ ተንበርከኪ!» አሉ።

ይርዳው ሐሙስ ተፈተነ። ከዚያ በፊት ግን በእኔ እጅ ጽሑፍ ስንት ቀን እንደተንበረከከ እግዜር ይወቀው። እባካችሁ፣ ይቅር በሉኝ።