የይታክቱ ሽንኩርት ውኃ ጠማው

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ልትሉኝ ነው። ዛሬስ «የሽንኩርት መደብ» በሉኝ፤ ተረቴ የይታክቱ ናት።

ይታክቱ ከአዲሱ ግድብ በታች መሬት ያላት፣ ምላሷ የሰላ፣ ልቧ የዋህ ሴት ነበረች። የሽንኩርት ችግኝ አፍልታ ሃምሳ ቀን ተንከባከበችው። በዚህ ሳምንት አጠጥታ ካልተከለችው ደርቆ ይቀራል፤ የበጋ ልፋቷም ከንቱ ይሆናል። ችግኙ አንገቱን ደፍቶ «ውኃ» አላት።

ወደ ማሳዋ ቦይ ሄደች። «ትንሿ ቦይ፣ ችግኜን አጠጪልኝ።»

«አላጠጣም» አለች ትንሿ ቦይ። «አያ ስንሻው በሬን መች ከፈቱልኝና።»

አያ ስንሻው የውኃ አባት ናቸው፤ ለገበሬው ሁሉ ተራ እያወጡ የየቦዩን በር የሚከፍቱና የሚዘጉ ሽማግሌ። ከዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«አያ ስንሻው፣ በሩን ይክፈቱልኝ። እርስዎ ካልከፈቱ ትንሿ ቦይ አታጠጣ፤ ትንሿ ቦይ ካላጠጣች ችግኜ አይድን።»

«አልከፍትም፣ ልጄ። ምን ይገባበታል ብዬ? ዋናው ቦይ እንደ ጾመኛ ሆድ ባዶውን ነው።»

ይታክቱ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ወደ ዋናው ቦይ ወጣች። «አንተ ዋናው ቦይ፣ ሙላ እንጂ። አንተ ካልሞላህ አያ ስንሻው አይከፍቱ፤ አያ ስንሻው ካልከፈቱ ትንሿ ቦይ አታጠጣ፤ ትንሿ ቦይ ካላጠጣች ችግኜ አይድን።»

«አልሞላም» አለ ዋናው ቦይ እያዛጋ። «ግድቡ መች ለቀቀልኝና።»

ዳገቱን ተያያዘችው። ግድቡ ጢም ብሎ ሞልቶ ተንጣሏል፤ ዳክዬ ይዋኝበታል። ያን ሁሉ ውኃ ስታይ ንድድ አላት። «አንተ ግድብ፣ ልቀቅ። አንተ ካልለቀቅህ ዋናው ቦይ አይሞላ፤ ዋናው ቦይ ካልሞላ አያ ስንሻው አይከፍቱ፤ አያ ስንሻው ካልከፈቱ ትንሿ ቦይ አታጠጣ፤ ትንሿ ቦይ ካላጠጣች ችግኜ አይድን።»

«አልለቅም» አለ ግድቡ። «ቢያድግልኝ መዘውሬን መች አዞረና።»

ቢያድግልኝ የግድቡን መዝጊያ የሚጠብቀው ጎልማሳ ነው። ይታክቱ ትንፋሽ እያጠራት ያዘችው። «ወንድሜ፣ አዙርልኝ። አንተ ካላዞርህ ግድቡ አይለቅ፤ ግድቡ ካልለቀቀ ዋናው ቦይ አይሞላ፤ ዋናው ቦይ ካልሞላ አያ ስንሻው አይከፍቱ፤ አያ ስንሻው ካልከፈቱ ትንሿ ቦይ አታጠጣ፤ ትንሿ ቦይ ካላጠጣች ችግኜ አይድን።»

«አላዞርም፣ እትዬ ይታክቱ። አንድ ሰው ዋናውን ቦይ መሃል ላይ በአፈርና በድንጋይ ሞልቶ የአህያ መሻገሪያ አድርጎታል። አሁን ብለቀው ውኃው እዚያ ታግዶ የሰው ማሳ ያጥለቀልቃል። መሻገሪያው ሳይፈርስ መዘውር አይዞርም።»

«ማን ነው ይህን የሠራ የማይረባ?»

ቢያድግልኝ መሬት መሬት እያየ «አህያዋ ግራጫ ናት ይላሉ» አለ።

ይታክቱ አፏን ያዘች። ቦዩ ተቆፍሮ ውኃ ሳይገባበት፣ አህያዋ ወደ ወፍጮ ስትሄድ እየተደናቀፈች ብታስቸግራት፣ በገዛ እጇ የደለደለችው እሷ ናት። ጎረቤት ሁሉ በዚያ እየተሻገረ መረቃት። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት ጊዜ ዳር ዳሩን በድንጋይ ካበችው። ዛሬም ወደ ግድቡ ስትወጣ በዚያው ተሻግራ ነው የመጣችው።

አፈረች፤ ግን አልተደበቀችም። ዶማዋን ይዛ ወርዳ «ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ አግዙኝ» ብላ ደቦ ጠራች። በመሻገሪያው ያልተጠቀመ ሰው በመንደሩ አልነበረምና እምቢ የሚል አልተገኘም።

መሻገሪያው ሲፈርስ ቢያድግልኝ መዘውሩን አዞረ፤ መዘውሩ ሲዞር ግድቡ ለቀቀ፤ ግድቡ ሲለቅ ዋናው ቦይ ሞላ፤ ዋናው ቦይ ሲሞላ አያ ስንሻው በሩን ከፈቱ፤ በሩ ሲከፈት ትንሿ ቦይ አጠጣች፤ ትንሿ ቦይ ስታጠጣ ችግኙ አንገቱን ቀና አደረገ። ይታክቱም ደስታዋን መደበቅ አቅቷት፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ መትከል ጀመረች።

አያ ስንሻው በዘንጋቸው ተደግፈው ሲያዩዋት ቆዩና «ይታክቱ፣ እንግዲህ አህያሽ በየት ልትሻገር ነው?» አሏት።

«እሷማ ትዋኝ» አለች ይታክቱ፣ ከችግኟ ቀና ሳትል።

ተረቴን የሚመልስልኝ ሰው፣ አፌን በሽንኩርት ወጥ ያብስልኝ።