የሰባተኛው ዳኛ ማር

አንድ ሀብታም ሰው ነበረ። ቆይ ይርዳው፣ አታቋርጠኝ፤ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። «የኔታ፣ የአገሩ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ዳኞች እኩል ለእኩል ቢከፈሉ ማን ይረታል? ግማሹን ቦታ እንኳ አይሰጡኝም ወይ?» ነው ያልከኝ። ጎረቤትህ በአጥሩ ነገር ታች ፍርድ ቤት እንደረታህ፣ አንተም ይግባኝ እንዳልክ አገር ያውቃል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ተቀመጥና ስማ።

የዚህ ሀብታም ቀፎ ከዛፉ ቅጠል ይበዛ ነበር። አንድ ቀን ከአንዱ ቀፎ የንብ መንጋ ገንፍሎ ወጣ። ሀብታሙ አፈር እየበተነ፣ እየጮኸ ተከተለው። መንጋው ግን ወንዙን ተሻገረና አንድ ድኻ ገበሬ ግራር ላይ ከሰቀለው ባዶ ቀፎ ገባ። ገበሬው ከዚያ ሌላ ቀፎ የለውም። ንብ ይግባልኝ እያለ ጠዋት ማታ ሲያጥነው የኖረ ቀፎ ነው። በጥር ልጁን ይድራል፤ ለጠጅ የሚሆን ማር ደግሞ ከየትም የለውም። በዚያ አገር ጠጅ የሌለበትን ሠርግ ከለቅሶ የሚለየው ከበሮው ብቻ ነው ይላሉ።

የመንደሩ ዳኛ «ንብ በፈቃዷ የገባችበት ቀፎ ቤቷ ነው» ብሎ ለገበሬው ፈረደ። ሀብታሙ ይግባኝ አለ፤ ነገሩም ከአገሩ የመጨረሻ ችሎት ደረሰ። በዚያ ዘመን ባላጋራዎች አንዱ እንዳይጠፋ ኩታቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ነው ወደ ችሎት የሚሄዱት። ስለዚህ ሀብታሙ በቅሎ እያለችው በእግሩ ተጓዘ፤ ገበሬው በቅሎ የለውማ! በቅሎዋ ባዶዋን ከኋላ ትከተላለች። አንዱ ወደ ጥሻ ጎራ ሲል ሌላውም ሳይወድ ጎራ ይላል። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይልና ጠላቱ መሆኑ ትዝ ሲለው ፊቱን ያዞራል። መንገድ ላይ የሀብታሙ ስንቅ አለቀ። ገበሬው አጉረመረመ፤ በሶውን ግን አካፈለው።

ችሎቱ ሰባት ዳኞች ነበሩት። ሀብታሙ ብልጥ ነኝ ባይ ነውና አስቀድሞ ከሰባቱ ለአንዱ ዳኛ ቤት አንድ ገንቦ ማር ልኮ ነበር። ሰባቱ ሲሰየሙ ያ ዳኛ ብድግ አለና፣ «የዚህ ሰው ማር ቤቴ ገብቷል። ማን እንደላከው ሳላውቅ ቀምሼዋለሁ። በዚህ ነገር አልፈርድም» ብሎ ወጣ። ሀብታሙ ግን «ሊመክርልኝ ነው የወጣው» ብሎ ፈገግ አለ። ሞኝ!

ስድስት ቀሩ። ደንቡ ከታናሽ ወደ ታላቅ መፍረድ ነው፤ ታናሹ የታላቁን ቃል ሰምቶ እንዳይደግም። አንዱ ለገበሬው ሲፈርድ፣ ሌላው ለሀብታሙ ሲፈርድ፣ ሽማግሌው ሰብሳቢ ዳኛም የመጨረሻውን ቃል ሲሰጥ ሦስት ለሦስት ሆነ።

ሀብታሙ «እንግዲያውስ መንጋው ይከፈልና እኩሌታው ይሰጠኝ!» አለ።

ሰብሳቢው ሳቁን በመዳፉ ሸፈነና «አውራዋን ንብ በየት በኩል እንቁረጥልህ?» አለው።

ከዚያ ከወንበሩ ወረደ፤ በገዛ እጁም የኩታቸውን ቋጠሮ ፈታ። «ሂዱ፣ ጨርሰናል» አላቸው።

«ማን ረታ ጌታዬ?»

«እኛ ዘንድ ማንም። ድንጋይን ሦስት ሰው ከዚህ፣ ሦስት ሰው ከዚያ ቢገፋው ካለበት አይነቃነቅም። የመንደሩ ዳኛ ካኖረበት ይቀመጣል። ደግሞ ነገ ሌላ ባለ ንብ ሲካሰስ ‹ችሎቱ ስለ ንብ እንዲህ ብሏል› ብላችሁ እንዳታወሩብን። ምንም አላልንም!»

ገበሬው መሬት ስሞ ወደ ቀፎው በረረ። ሀብታሙ ደጅ ላይ ያንን የወጣውን ዳኛ አገኘውና «ምነው ጌታዬ፣ ጥለውኝ ወጡ?» አለው።

ዳኛውም «መንጋውን ዓይኑ እያየ የተከተለ ባለቤት መንጋው የእሱ ነው ብዬ ስፈርድ ነው የኖርኩት። ዛሬም ያንኑ ልፈርድ ነበር» አለና ጎደል ያለውን ገንቦ መለሰለት።

ሀብታሙ ገንቦውን ታቅፎ በቅሎው ላይ ወጣ፤ ቤቱ እስኪደርስ ራሱን ሲሰድብ ሄደ። ያንን ማር በጥር ለገበሬው ሠርግ ይዞ መጣ ይባላል፤ በሶውን በልቷልና።

እንግዲህ ይርዳው፣ ሀብታሙ አንተ ነህ። ታች የረታው ጎረቤትህ ነው። ዳኞቹ እኩል ከተከፈሉ ግማሽ ቦታ የለም፣ ሩብም የለም፤ የታችኛው ፍርድ ይጸናል፣ አጥሩም ካለበት አይነቃነቅም። ለእሱ እኩልነት ይበቃዋል፤ አንተ ግን አንድ ትርፍ ድምፅ ያስፈልግሃል። ያንን ድምፅ ሊሰጥህ የሚችለውን ዳኛ በገዛ እጅህ ከወንበሩ ልታስነሣው መነሣትህ ነው የሚያናድደኝ።

ደጄ ላይ ያሰርከው ሙክት ለእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ፊደል ካስቆጠርኩህ ጀምሮ ዶሮ እንኳ አምጥተህልኝ አታውቅም። ፍታውና ወደ ቤትህ ንዳው።